ለመኪና ፋብሪካ ድሮን ሲመረጥ፦ ከአውሮፕላኑ በፊት የመረጃው መንገድ

የመኪና አምራቾች ድሮንን ከኤግዚቢሽን መድረክ አውርደው ሥራ ላይ ካዋሉት ሰነባብቷል። ፎርድ እንግሊዝ ዳገናም ባለው የሞተር ፋብሪካው 40 ሜትር ርዝመት ያላቸውን የብረት መዋቅሮች በድሮን መፈተሽ የጀመረው በ2018 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። መወጣጫ ተተክሎ 12 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ፍተሻ በ12 ደቂቃ ማለቅ ጀመረ። የስፔኑ ሲያት በ2019 መሪና ኤርባግ ከአብሬራ መጋዘን ወደ ማርቶሬል ፋብሪካው በድሮን አመላልሷል፤ 2 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ዕቃ በ15 ደቂቃ ይደርስ ነበር። አውዲም ጀርመን ኔካርሱልም ውስጥ ተሠርተው ያለቁ መኪኖች በሰፊው ግቢ የት እንደቆሙ በድሮን ለይቷል።

ይህን ያየ ግዥ ክፍል ሦስት አራት ድሮን ደርድሮ ማወዳደር ይጀምራል። የሚያነጻጽረው የካሜራ ጥራት፣ የበረራ ደቂቃና ዋጋ ነው። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚያሰኘው ይሄ ነው። የሳይበር ደህንነት ጉዳይ ከተነሳም የሚነሳው ብዙ ጊዜ በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «የቻይና ነው ወይስ አይደለም?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሦስተኛ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ምን እንደሚቀረጽ ነው። ቀጥሎ የተቀረጸው ነገር በማን እጅ አልፎ የት እንደሚያድር ይጠየቃል። ይህ መመሪያ አማራጮቹን የሚያወዳድረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

በመኪና ኢንዱስትሪ ውስጥ «ድሮን» የሚባለው አንድ ሥራ አይደለም፤ አደጋውም አንድ አይደለም።

ግቢ ውስጥ የቆሙ አዳዲስ መኪኖችን መቁጠር ከሁሉም ቀለል ያለው ነው። የሚቀረጸው የመኪና ጣራና የሻሲ ቁጥር ያለበት ባርኮድ ነው። ቢሰረቅ ተፎካካሪ የምርት መጠናችሁንና የትኛው ሞዴል እንዳልተሸጠ ያውቃል። ያሳፍራል፣ ያከስራልም፤ ፋብሪካ ግን አያቆምም።

የፋብሪካ ውስጥ ፍተሻ ከበድ ይላል። ድሮኑ ለጣራ ቧንቧ ቢላክም ካሜራው ከሥር ያለውን የሮቦቶች አሰላለፍ፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኖችን መለያ ጽሑፍ፣ አንዳንዴም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የይለፍ ቃል ይዞ ይመለሳል። ፎቶዎቹ ተጋጥመው ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል ሲሠራባቸው ደግሞ የፋብሪካው ሙሉ ካርታ ይሆናሉ። ከፎቶዎቹ ይልቅ መጠበቅ ያለበት ይህ ሞዴል ነው፤ ብዙ ድርጅት ግን ፎቶውን ቆልፎ ሞዴሉን በኢሜይል ይላላካል።

የሙከራ ሜዳ ቀረጻ የመጨረሻው ከባድ ነው። ገና ያልወጣ ሞዴል አንድ ፎቶ ካመለጠ በኋላ መመለሻ የለውም። የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ የሚሠራበት ታይሳክስ የተባለው የመረጃ ደህንነት ምዘና፣ ናሙና መኪናን ስለ መጠበቅ ከአጠቃላይ የመረጃ ደህንነት የተለየ ክፍል አለው። ለናሙና ክፍሎች፣ ለናሙና መኪኖች፣ ለሙከራ መኪኖች፣ እንዲሁም ለፎቶና ፊልም ቀረጻ ለየብቻ ማረጋገጫ ይሰጣል።

ዕቃ ማመላለስ ደግሞ ከምስጢር ይልቅ የደህንነት ጉዳይ ነው። የሚያስፈራው ምስሉ ማምለጡ ሳይሆን ድሮኑ ሠራተኛ ላይ መውደቁ ነው።

ከመቀጠላችን በፊት «ድሮን ያስፈልጋል ወይ?» የሚለውም መልስ ይሻል። ግቢ ውስጥ መኪና ለማግኘት መኪናው ላይ የሚለጠፍ የሬዲዮ መለያ ወይም የመኪናው የራሱ የኢንተርኔት ግንኙነት ሊበቃ ይችላል፤ ካሜራ ጭራሹን አይገባበትም። ቋሚ ካሜራ ግን ከድሮን ይሻላል ብላችሁ አትቸኩሉ። ቋሚ ካሜራ ሠራተኛውን ቀኑን ሙሉ ያየዋል፤ ድሮን በታወቀ ሰዓት ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። በግላዊነት ረገድ ድሮኑ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

የራስ ድሮን ወይስ የኮንትራት አገልግሎት?

የኮንትራት አገልግሎት ማራኪነቱ ግልጽ ነው፦ የሠለጠነ አብራሪ፣ መድን፣ ፈቃድ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይመጣል። ችግሩ ኮንትራክተሩ በራሱ ድሮን፣ በራሱ ታብሌትና በራሱ ሜሞሪ ካርድ መምጣቱ ነው። ዛሬ የእናንተን ጣራ የቀረጸው ካርድ ነገ የተፎካካሪያችሁን ጣራ ይቀርጻል። የተሰረዘ ፎቶ ሌላ መረጃ እስኪጻፍበት ድረስ በነጻ በሚገኝ ሶፍትዌር ሳይቀር ሊመለስ ይችላል። ታብሌቱ የአብራሪው የግል ከሆነ ደግሞ ፎቶዎችን ወደ ግል አካውንቱ በራሱ ጊዜ የሚያስቀምጥ አፕ ተጭኖበት ሊሆን ይችላል፤ አብራሪው ራሱ እንኳ ላያስታውሰው ይችላል። ብዙ ሰው የሚፈራው ከሩቅ ሆኖ ድሮን የሚጠልፍ ሰርጎ ገብን ነው። እኔ የበለጠ የምፈራው ይህን ታብሌት ነው።

የራስ ድሮን ይህን ያስቀራል፤ ሌላ ሸክም ግን ያመጣል። ፈርምዌር (የድሮኑን የውስጥ ሶፍትዌር) የሚያድስ፣ የአብራሪዎችን አካውንት የሚያስተዳድር፣ ሥራ የለቀቀን ሰው ከዝርዝር የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። ድሮኑ የጥገና ክፍል ንብረት ሆኖ የአይቲ ክፍል የማያውቀው ከሆነ ሁለት ዓመት ሳይታደስ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥና አንድ ቀን በድንገት ከፋብሪካው ኔትወርክ ጋር ይገናኛል።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። በዓመት አንዴ ሁለቴ ለሚደረግ የጣራ ፍተሻ ኮንትራክተር ይሻላል፤ ካርዱንና ታብሌቱን ግን እናንተ አቅርቡ፣ ሥራው ሲያልቅም በር ላይ ተቀበሉ። በየቀኑ ለሚደረግ ቆጠራ የራስ ድሮን ያዋጣል። ናሙና መኪና ያለበት ቦታ ግን የውጭ አብራሪ ባይገባ ይመረጣል፤ የግድ ከሆነም ለቀረጻ የተሰጠ የታይሳክስ ማረጋገጫ ይዞ ይምጣ።

ውሉ ውስጥ መግባት ያለባቸው ነጥቦች ብዙ አይደሉም። ጥሬው ምስል የማን ንብረት ነው? ኮንትራክተሩ በስንት ቀን ውስጥ ያጠፋል፣ መጥፋቱንስ በምን ያረጋግጣል? ሥራውን ለሌላ ንዑስ ኮንትራክተር ማስተላለፍ ይችላል? ታብሌት ቢጠፋ በስንት ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል? እነዚህ የሌሉበት ውል የዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ነው።

ክላውድ፣ የራስ ሰርቨር ወይስ ከኢንተርኔት ውጭ?

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ምርጫ ይህ ነው። ከድሮን የሚወጣው ፎቶና ቪዲዮ ብቻ አይደለም። የበረራ መዝገብ አለ፦ የት፣ መቼ፣ በምን ከፍታ፣ ማን እንዳበረረው። የቀጥታ ምስል አለ። አፕሊኬሽኑ ሲበላሽ ለአምራቹ የሚልከው ሪፖርት አለ። ካርታው ከኢንተርኔት በተጫነ ቁጥርም የት እንዳላችሁ ለካርታው ባለቤት ይነገረዋል።

የአምራቹ ክላውድ ለሥራ ቀላሉ ነው። አብራሪው ሳይደክም ምስሉ ዋና መሥሪያ ቤት ይታያል፣ ብዙ ድሮን በአንድ ገጽ ይተዳደራል። ዋጋው ግን በሌላ መልክ ይከፈላል፦ የሁሉም ነገር በር አንድ አካውንት ይሆናል። ቼክ ፖይንት የተባለው የደህንነት ኩባንያ በ2018 ይፋ ያደረገው የቻይናው ድሮን አምራች የዲጄአይ ክፍተት ይህን በደንብ ያሳያል። በአምራቹ የተጠቃሚዎች መድረክ ላይ የተለጠፈን ሊንክ የነካ ሰው አካውንቱ ሊወሰድበት ይችል ነበር፤ አጥቂውም የበረራ መዝገቡን፣ ፎቶውን፣ በአንዳንድ ሁኔታ የቀጥታ ምስሉን ጭምር ያገኝ ነበር። ክፍተቱ የተደፈነው ለሕዝብ ይፋ ከመሆኑ በፊት ነው። ልብ በሉ፣ ድሮኑን ማንም አልነካውም።

የራስ ሰርቨር መካከለኛው መንገድ ነው። አንዳንድ አምራቾች የድሮን ማስተዳደሪያ ሶፍትዌራቸውን በደንበኛው ሰርቨር ላይ እንዲጫን አድርገው ይሸጣሉ። መረጃው ከግቢ አይወጣም፣ የምስጠራ ቁልፉም በእናንተ እጅ ነው። ነገር ግን ሰርቨሩን የሚያድስ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ፣ ማን ምን እንደከፈተ የሚከታተል ሰው ከሌለ ጥሩ ከሚተዳደር ክላውድ የባሰ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ድርጅት ይህን ለኩራት ብሎ ባይመርጠው ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ከኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ መለየት ነው። ዲጄአይ ከ2017 ጀምሮ አፑ ከኢንተርኔት ጋር ምንም እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ የአሠራር ስልት አቅርቧል፤ ሌሎችም ተመሳሳይ አላቸው። ለሙከራ ሜዳ ሌላ ምርጫ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሲመረጥ ግን የሚቀረውን ማወቅ ይገባል፦ ካርታ አይጫንም፣ የተከለከሉ የአየር ክልሎች ዝርዝር አይታደስም፣ የደህንነት ማስተካከያም ራሱ አይመጣም። ማደሻው በተለየ ኮምፒውተር ወርዶ፣ ተመርምሮ፣ በእጅ መጫን አለበት። ይህን የሚያደርግ ሰው በስም ካልተመደበ «ከኢንተርኔት ውጭ» ማለት «ያልታደሰ» ማለት ይሆናል።

ብዙዎች የሚሰናከሉበት ግን ሌላ ቦታ ነው። ድሮኑን ከኢንተርኔት ያላቅቃሉ፣ ካርዱን በጥንቃቄ ይይዛሉ፣ ከዚያ ፎቶዎቹን ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል ወደሚሠራ የኢንተርኔት አገልግሎት ይጭናሉ። ደክመው የጠበቁት ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደማያውቁት ሰርቨር ይሄዳል። ድሮን ስታወዳድሩ የምስል ማቀነባበሪያውን ሶፍትዌር በዚያው ሠንጠረዥ ላይ አስገቡት፤ በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ዓይነት አለ፣ ጠንከር ያለ ማሽን ይፈልጋል እንጂ።

የሻጭን ቃል ከማመን በፊት አንድ ፈተና አለ። የናሙና ድሮኑን ታብሌት የኔትወርክ ትራፊኩ በሚታይ ዋይፋይ ላይ አገናኙና አንድ ሙሉ የሥራ ቀን አሠሩት፤ ከዚያ የትኞቹን ሰርቨሮች እንዳነጋገረ ዝርዝሩን አውጡ። ሲናክቲቭ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት በ2020 የዲጄአይን የአንድሮይድ አፕ ፈትቶ ሲያይ፣ አፑ ከጉግል መደብር ውጭ ራሱን ማደስ የሚችልበት መንገድ አግኝቷል። እንዲህ ያለ ነገር በማስታወቂያ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

አምራቹ ከየት ነው?

አሁን ተራው የዚህ ጥያቄ ነው። የቻይና ድሮኖች፣ በተለይ ዲጄአይ፣ በዋጋም በአገልግሎትም ገበያውን ይመራሉ። በተቃራኒው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በነሐሴ 2017 የዲጄአይ ምርቶችን መጠቀም እንዲቆም አዟል፤ የንግድ ሚኒስቴሩ በታኅሣሥ 2020 ኩባንያውን በተከለከሉት ዝርዝር አስገብቷል፤ በጥር 2024 የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲውና ኤፍቢአይ ወሳኝ መሠረተ ልማት የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች በቻይና የተሠሩ ድሮኖችን በተመለከተ እንዲጠነቀቁ መመሪያ አውጥተዋል። የ2020ው ዝርዝር ብዙ ጊዜ በስህተት ይጠቀሳል፤ የሚገድበው የአሜሪካን ቴክኖሎጂ ለኩባንያው መሸጥን እንጂ ድሮኑን መግዛትን አይደለም። በ2023 መጨረሻ የጸደቀው የአሜሪካ ሕግ ግን በፌደራል ገንዘብ እንዲህ ያሉ ድሮኖችን መግዛትን ይገድባል። ለመንግሥት መኪና የምታቀርቡ ወይም ከመንግሥት ድጋፍ የምታገኙ ከሆነ ይህ ምርጫ የቴክኒክ ሳይሆን የሕግ ክፍል ነው።

የአሜሪካና የአውሮፓ ድሮኖች፣ ለምሳሌ ስካይዲዮና ፓሮት፣ በዋጋ ይወደዳሉ፤ ከዚህ ጥርጣሬ ግን ይድናሉ። ከሁሉም ጥርጣሬ አይደለም። በጥቅምት 2024 ቻይና በስካይዲዮ ላይ ማዕቀብ ስትጥል ኩባንያው ባትሪ አጥሮት ለደንበኞቹ በራሽን ማደል ጀመረ። ዕለታዊ ቆጠራው በድሮን ብቻ የቆመ ፋብሪካ እንዲህ ያለውንም ከሳይበር አደጋ እኩል ሊቆጥረው ይገባል፤ መረጃው ባይሰረቅም ሥራው ቆሟልና።

ፒኤክስ4 ወይም አርዱፓይለት በተባሉት ክፍት ሶፍትዌሮች ላይ የሚሠራ ድሮን ሦስተኛው አማራጭ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ወዴት ምን እንደሚልክ ማወቅ ይቻላል። ሆኖም «ክፍት» ማለት «የተጠበቀ» ማለት አይደለም። ድሮኑና የመሬት ጣቢያው የሚነጋገሩበት ማቭሊንክ የተባለ ቋንቋ መልእክትን በፊርማ ማረጋገጥ ይችላል፤ ፊርማው ግን በምርጫ የሚበራ ነው፣ ይዘቱንም አይመሰጥርም። ይህን በራሱ የሚያስተካክል የኢንጂነሪንግ ቡድን ያለው ድርጅት ይምረጠው፤ የሌለው ይለፈው።

ከሩር ዩኒቨርሲቲ ቦኹምና ሲስፓ ከተባለው የምርምር ማዕከል የመጡ የጀርመን ተመራማሪዎች በ2023 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የዲጄአይ ድሮኖች አካባቢያቸውን ለባለሥልጣናት የሚያሳውቁበት ምልክት እንዳልተመሰጠረና የአብራሪውን ቦታ ማንም ሊያነበው እንደሚችል አሳዩ። 16 የሶፍትዌር ክፍተቶችም አገኙ፤ ከእነዚህ 14ቱን በአብራሪው ስልክ በኩል ከሩቅ በመቀስቀስ ድሮኑን አየር ላይ እያለ መጣል ይቻል ነበር። አምራቹ ቀድሞ ተነግሮት አስተካክሏል። ከዚህ የምወስደው ከየትም አገር ይሁን «ክፍተት ሲነገረው በስንት ቀን ያስተካክላል?» የሚለው መለኪያ ነው። ሻጩን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት የደህንነት ማስተካከያዎች ቀን ጠይቁት። ቀን መጥራት ካልቻለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

የሬዲዮ ግንኙነቱ

ይህን በአጭሩ እንለፈው። ተራ ዋይፋይ ደካማው ነው። ሳሚ ካምካር በ2013 በአንድ ትንሽ ኮምፒውተር የታጠቀ ድሮን ሌሎች የፓሮት ድሮኖችን አየር ላይ እየጠለፈ አሳይቷል፤ የእነዚያ ዋይፋይ የይለፍ ቃል እንኳ አልነበረውም። ዋይፋይ የግድ ከሆነ ደብሊውፒኤ3 የተባለውን ደረጃ የሚደግፍ ይሁን። የአምራቾች የራሳቸው የተመሰጠረ ግንኙነት ይሻላል። ሰፊ ግቢ ላላቸው ፋብሪካዎች የግል 5ጂ ኔትወርክ ጥሩ ነው፤ ማን እንደሚገናኝ በሲም ካርድ ይወሰናልና። የትኛውም ይመረጥ፣ ድሮኑና ጣራ ላይ የሚቀመጠው የቻርጅ ጣቢያው ሮቦቶቹ ካሉበት ኔትወርክ መለየት አለባቸው። ጣቢያው ማንም በማይዞርበት ጣራ ላይ ያለ ክፍት የኔትወርክ ገመድ መሆኑ ይዘነጋል።

ጂፒኤስም አይታመንም። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 በሐሰተኛ የጂፒኤስ ምልክት ድሮን ከመንገዱ ማሳት እንደሚቻል በሙከራ አሳይተዋል። ዕቃ የሚያመላልስ ድሮን ከተገዛ ጂፒኤስ ሲጠፋበት ወይም ሲዋሽበት ምን እንደሚያደርግ በሙከራ ይታይ፦ ባለበት ይቆማል? ይወርዳል? ወደ መነሻው ይመለሳል? ሠራተኛ በሚተላለፍበት መተላለፊያ ላይ «ባለበት መውረድ» መጥፎ መልስ ነው።

ካሜራው ሥር ያሉት ሰዎች

ድርጅቱ ምስጢሩን ሲጠብቅ የሠራተኛው ግላዊነት ይረሳል። ለጣራ ፍተሻ የተባለ ቪዲዮ ውስጥ ማን ከማን ጋር ለረጅም ጊዜ እንደቆመ ይታያል፤ አለቃው ያን አንዴ ካየ በኋላ ድሮኑ በሠራተኛው ዘንድ ሰላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ ከፍተኛ ስጋት ያለበት አሠራር ከመጀመሩ በፊት የተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግ ያዛል፤ በሕጉ ከባድ ለሚባሉ ጥሰቶች ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓመታዊ የዓለም አቀፍ ገቢ 4 በመቶ ይደርሳል፣ ከሁለቱ የሚበልጠው።

አማራጮቹ ሦስት ያህል ናቸው። ሰው በሌለበት ሰዓት ማብረር ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ ያልተቀረጸ ፊት አያመልጥም። ፊትና ታርጋን ድሮኑ ላይ እያለ የሚያደበዝዝ ሶፍትዌር ሁለተኛው ነው። ከቀረጻ በኋላ ማደበዘዝ ሦስተኛውና ደካማው ነው፤ ጥሬው ቅጂ የሆነ ቦታ ይቀራልና። ሻጮች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ስም ሰጥተው ስለሚሸጡ ማደበዘዙ የት ላይ እንደሚካሄድ በግልጽ ጠይቁ።

የሻሲ ቁጥርስ? ብዙዎች የዕቃ ቁጥር እንጂ የሰው መረጃ አይመስላቸውም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በኅዳር 2023 የሻሲ ቁጥር ከባለቤቱ ጋር ማገናኘት ለሚችል አካል የግል መረጃ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ገና ያልተሸጠ መኪና ግቢ ውስጥ ሲቆጠር ጉዳዩ ቀላል ነው። ለጥገና የመጡ የደንበኞች መኪኖች የቆሙበትን ግቢ የሚቆጥር አከፋፋይ ግን የግል መረጃ እየሰበሰበ ነው፤ የማቆያ ጊዜ መወሰን አለበት።

የሌላ ሰው ድሮን

የራሳችሁን ድሮን በጥንቃቄ መርጣችሁ ሰማዩን ለሌላ መተው አይሆንም። የቴስላን የቴክሳስና የበርሊን ፋብሪካዎች ግንባታ ዓለም ደረጃ በደረጃ የተከታተለው በአማተር ድሮን አብራሪዎች ቪዲዮ ነው። አደጋው ከፎቶ ያልፋል። ሁለት ተመራማሪዎች በ2021 ባቀረቡት ሥራ፣ በዋይፋይ በኩል የቴስላን የመዝናኛ ሥርዓት ያለ ባለቤቱ ምንም ድርጊት መቆጣጠርና በር መክፈት እንደሚቻል፣ ይህም ከድሮን ላይ ሊደረግ እንደሚችል አሳይተዋል፤ ቴስላ ክፍተቱን በ2020 ደፍኖት ነበር። ድሮን የዋይፋይ ጥቃትን ከአጥር ያሻግራል።

መከላከያ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚወድቀው አማራጭ ሞገድ ማፈን ነው። በአሜሪካ ለግል ድርጅት ሕገ ወጥ ነው፤ በሌሎች ብዙ አገሮችም እንዲሁ። ድሮን መትቶ መጣልም አውሮፕላን እንደመምታት ይቆጠራል። የቀረው ማወቅና መሸፈን ነው። ድሮኖች ማንነታቸውንና ቦታቸውን የሚያሰራጩበት የርቀት መለያ ምልክት ተቀባይ ርካሽ ነው፤ ሕግ የሚያከብረውን አብራሪ ብቻ ግን ያሳያል። የሬዲዮ ሞገድ መቃኛ ከዚያ ሰፋ ያለ ያያል፤ በራሱ ፕሮግራም ሞገድ ሳያሰማ የሚበረው ግን ያመልጠዋል። አንዳንድ መቃኛዎች የግንኙነቱን ይዘት ስለሚያነቡ ከመግዛት በፊት የሕግ ምክር ያሻል፤ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች በ2020 ይህንኑ በጋራ አስጠንቅቀዋል። ራዳር ሞገድ የማያሰማውንም ሊያይ ይችላል፣ ወፉንም ጨምሮ፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ለአብዛኛው ድርጅት ተቀባይ መሣሪያ፣ የመኪና ልባስና ናሙናውን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣራ ሥር የማስገባት ልምምድ ከራዳር የተሻለ ዋጋ ያወጣሉ።

አንድ ነገር ግን በሁለት በኩል ይቆርጣል። የርቀት መለያ በአሜሪካ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በጥብቅ ይተገበራል፤ በአውሮፓም ከጥር 2024 ጀምሮ አስገዳጅ ነው። የእናንተም ድሮን የአብራሪውን ቦታ ሳይመሰጥር ያሰራጫል ማለት ነው። ሙከራ ሜዳችሁ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ምስሉን ባያገኝም ቀረጻ መቼ እንዳለ ይማራል። ድሮኑን በተለዋዋጭ ሰዓት፣ ናሙና በሌለበት ቀንም ማብረር ይህን ያደበዝዛል። ጣራ ሥር የሚደረግ በረራ በአብዛኛው በአቪዬሽን ሕግ ስለማይገዛ ይህ ጣጣ የለበትም።

መኪናው ላይ የሚሳፈር ድሮን

ድሮን የመኪናው አካል ሲሆን ጨዋታው ይቀየራል። ጃጓር ላንድ ሮቨር በ2017 ለኦስትሪያ ቀይ መስቀል ጣራው ላይ ድሮን የሚያርፍበት ዲስከቨሪ ሠርቷል። ቢዋይዲና ዲጄአይ በመጋቢት 2025 ያወጡት ሥርዓት ደግሞ መኪናው በሰዓት እስከ 25 ኪሎ ሜትር እየሄደ ድሮን ያስነሳል።

እዚህ ላይ ነው ስለ መኪና የሳይበር ደህንነት የሚደነግገው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ አር155 የሚመጣው። ብዙ አማካሪ ለፋብሪካ ድሮንም ይጠቅሰዋል፤ ደንቡ ግን የሚመለከተው መኪናውን ነው። በአውሮፓ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ለሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ነው። ድሮኑ ከመኪናው ጋር የሚነጋገርበት ግንኙነት ወደ መኪናው የሚገባ በር ስለሆነ፣ አይኤስኦ ኤስኤኢ 21434 በተባለው የመኪና ሳይበር ደህንነት ደረጃ የስጋት ትንተና ውስጥ እንደማንኛውም በር መቆጠር አለበት።

ለአምራቹ ምርጫው ሁለት ነው። ድሮኑን ከመዝናኛ ስክሪኑ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ርካሽና ለተጠቃሚው ምቹ ነው፤ ነገር ግን ድሮኑ ከተጠለፈ አጥቂው መኪናው ውስጥ ገብቷል። ለብቻው በተለየ መግቢያ፣ ቪዲዮ ብቻ በሚያሳልፍ ግንኙነት ማገናኘት በዋጋ ይወደዳል፤ አዲስ ተግባር ለመጨመርም ያስቸግራል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ መኪና ከድሮን ይልቅ ብዙ ዓመት ይኖራልና፣ የድሮኑ አምራች ማደሻ መላክ ሲያቆም መኪናው ገና መንገድ ላይ ነው። የድሮኑ አቅራቢ ለስንት ዓመት ማስተካከያ እንደሚልክ በውል ይጻፍ፤ ያ ጊዜ ሲያልቅ ግንኙነቱን ከርቀት የመዝጋት አቅምም ለመኪናው አምራች ይኑር። መኪናው ሲሸጥ የሚደረገው ሁሉን የማጥፋት ትእዛዝም የመኪናውን ስክሪን ብቻ ሳይሆን ድሮኑ ውስጥ ያለውን ቪዲዮ፣ የቤት አድራሻ የሚያሳየውን የበረራ መዝገብና የሁለቱን የመገናኛ ቁልፍ አብሮ ማጥፋት አለበት፤ ካልሆነ የቀድሞው ባለቤት ስልክ የአዲሱን ባለቤት ድሮን ማዘዙን ይቀጥላል።